የፊት ወዝ

ጠይም ፊት በዘይት ቀለም ለመሳል የሞከረ ሁሉ ይህን ያውቃል። ቡናማውን ያዋህዳል፤ ብርሃን ያረፈበትን ቦታ ለማሳየት ነጭ ይጨምርበታል፤ ግንባሩ ቅባት እንዳጣ ቆዳ አመዳም ሆኖ ቁጭ ይላል። እኔም ስንቱን ሸራ አመድ አልብሻለሁ። ሰው ስናይ ቀይ ዳማ ነው፣ ጠይም ነው ብለን በአንድ ቃል እንገላገላለን። ብሩሽ የያዘ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይገላገልም።

ዲዬጎ ቬላስኬዝ እ.ኤ.አ. በ1650 ሮም ላይ የሳለውን፣ አሁን ኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘውን የሁዋን ዴ ፓሬሃን ምስል አጉልቼ ስመለከት መጀመሪያ የምፈልገው ነጩን ነው። ነጩ ያለው ሰፊው የዳንቴል ኮሌታ ላይ ነው። ዳንቴሉም ቢሆን ቀረብ ሲሉት በችኮላ የተጣለ የሚመስል የብሩሽ ጭረት ነው፤ ጥልፍ የሚሆነው ራቅ ሲሉ ነው። ይህ ኮሌታ ከሥሩ ስላለ ግንባሩ ላይ ያረፈው ብርሃን ነጭ መሆን አላስፈለገውም። ከአፈር ቀለም ብዙ ያልራቀ፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ነው። ቆርጣችሁ ኮሌታው ላይ ብትለጥፉት ቡናማ ነው ትላላችሁ። ቦታው ላይ ግን ወዝ ነው።

ጀርባውና ልብሱ አረንጓዴ ጣል ያለበት ግራጫ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ድፍረት ይሄ ነው፤ አረንጓዴው ጎረቤት ስለሆነ ጉንጩ ብዙ ቀይ ሳይፈስበት ደም ያለው ይመስላል። ጢሙ የት እንደሚጀምር አይለይም፤ ቆዳው ቀስ እያለ ጸጉር ይሆናል። የዘይት ቀለም ቶሎ ስለማይደርቅ እርጥቡን በእርጥብ ላይ እየጎተቱ ድንበሩን ማደብዘዝ ይቻላል። አክሪሊክ ለዚህ ጊዜ አይሰጥም።

ፓሬሃ የቬላስኬዝ ባሪያና የሥራው ረዳት ነበር። ጌታው በዚያው ዓመት የነፃነት ወረቀት ፈረመለት፤ የሚጸናው ግን ከአራት ዓመት ተጨማሪ አገልግሎት በኋላ ነበር። ከዚያ ራሱ ሠዓሊ ሆነ። በ1661 የሳለው «የቅዱስ ማቴዎስ መጠራት» ማድሪድ፣ ፕራዶ ሙዚየም ውስጥ አለ፤ በግራ ጠርዝ ስሙ ያለበትን ወረቀት ይዞ የቆመው እሱ ነው። የገዛ ፊቱን ቬላስኬዝ ከሳለው አፍክቶታል። ያንን የግንባር ወዝ ፈልጌ አላገኘሁበትም።