«ወጌሻ አድኖኛል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሰው ከባጃጅ ወድቆ እግሩ ተሰበረ እንበል። ገና ከመሬት ሳይነሳ በዙሪያው ክርክር ይጀመራል። አንዱ «ቶሎ ደሴ ሪፈራል ውሰዱት!» ይላል። ሌላው ደግሞ «ኧረ ተዉ፣ እዚያ ከሄደማ ብረት ይከቱበታል፣ ካልሆነም ይቆርጡታል፤ ወጌሻ ጥሩለት» ይላል። ሁለቱም ማስረጃ አላቸው። የአንዱ ጎረቤት ልጅ በወጌሻ ታስሮ እግሩን አጥቷል፤ የሌላው አጎት በወጌሻ ታሽቶ ዛሬ ኳስ ይጫወታል። ማንም አልዋሸም። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸውም ሰዎቹን አይደለም፤ ማስረጃቸውን ነው።

በመጀመሪያ እስቲ እጃችሁን ከጉልበታችሁ በታች ፊት ለፊት አሳርፉና እየዳበሳችሁ ወደ ታች ውረዱ። ጠርዝ ያለው ጠንካራ አጥንት ታገኛላችሁ። ቅልጥም ማለት እሱ ነው። ከኋላ ባት አለ፣ ወፍራም ጡንቻ ነው፤ ከፊት በኩል ግን በቅልጥሙና በቆዳችሁ መካከል ጡንቻ የሚባል ነገር የለም። ከቅልጥሙ ጎን በውጭ በኩል ሌላ ቀጭን አጥንት ቢኖርም አብዛኛውን የሰውነት ክብደት የሚሸከመው ቅልጥም ነው። ቆዳው ስስ ስለሆነ ቅልጥም ሲሰበር ስለቱ ቆዳውን ቀዶ ለመውጣት አይቸገርም። ጡንቻ በዙሪያው ስላልከበበው ደግሞ በተለይ የታችኛው ሲሶ የሚያገኘው ደም አነስተኛ ነው። ለዚህ ነው የአዋቂ ሰው ቅልጥም ለመግጠም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር የሚፈጅበት። የትንሽ ልጅ ግን በጣም ይፈጥናል፤ ትንሽ ተጣሞ ቢገጥም እንኳ እያደገ ሲሄድ ራሱን የማቃናት አቅም አለው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ አጎትየው እንሂድ። ወጌሻ ዘንድ የሚሄደው ሰው ሁሉ አጥንቱ የተሰበረ ነው? አይደለም። ወለምታ አለ፣ ውልቃት አለ፣ ስብራት አለ፣ ዝም ብሎ የተመታ እግርም አለ። ያለ ራጅ እነዚህን መለየት ለሐኪምም ቢሆን ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ወለምታ ደግሞ ቢታሽም ባይታሽም በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ይሻለዋል። ስለዚህ «ወጌሻ አድኖኛል» ከሚሉት መካከል ከመጀመሪያውም ያልተሰበሩ አሉበት። የ7 ዓመት ልጅ የሆነም አለበት፤ የእሱን ድርሻ አጥንቱ ራሱ ሠርቶታል። እግሩ የተቆረጠው ሰው ደግሞ ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ ወጌሻው ጥበብ አይመሰክርም።

የሐኪሞቹ ማስረጃስ? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ዝም እንላለን፤ «ሳይንስ» የሚለው ስም ያስፈራናል መሰለኝ። ነገር ግን ችግሩ ያው ነው፣ የተገለበጠ ብቻ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ሐኪም የሚያየው የወጌሻ ታካሚ የከሸፈበትን ብቻ ነው። ከቃሉ ወይም ከባቲ ገጠር በወጌሻ ታስሮ በደህና የተነሳው ሰው ሆስፒታል ምን ሊሠራ ይመጣል? ሐኪሙ በየሳምንቱ የጠቆረ እግር ካየ «ወጌሻ ሁሉ እግር ቆራጭ ነው» ቢል አይፈረድበትም፣ ግን ስሌቱ ትክክል አይደለም። አንዱ የዳኑትን ብቻ ይቆጥራል፣ ሌላው የተጎዱትን ብቻ። ጠቅላላ ስንት ሰው ታሰረ የሚለውን የቆጠረ የለም። እናንተም አንድ ነገር «ይሠራል» ወይም «ይገድላል» ሲባል ስትሰሙ፣ ከስንቱ ውስጥ ብላችሁ ጠይቁ።

እሺ፣ ቆጠራውን እንተወውና እንዴት ነው የሚሆነው የሚለውን እንይ። እግር በቀርቀሃ ታስሮ ለምን ይጠቁራል? ከጉልበት በታች ያለው ጡንቻ በአራት ክፍሎች የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ክፍል እንደ ላስቲክ በማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሏል። አጥንት ሲሰበር ይደማል፣ ጡንቻውም ያብጣል። እብጠቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት እየጨመረ ይሄዳል። ሽፋኑ ስለማይለጠጥ በውስጡ ያለው ግፊት ይወጣል፤ ግፊቱ ሲበዛ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይታፈናሉ። እንዲህ ያለው መታፈን ምንም ሳይታሰርም ሊመጣ ይችላል። አሁን በዚያ ላይ ከውጭ ቀርቀሃ ደርድረን በገመድ ጥብቅ አድርገን ስናስረው አስቡት። ጠዋት ልኩ የነበረ እስር ማታ ማነቂያ ይሆናል። ጡንቻ ለ6 ሰዓታት ያህል ደም ከተከለከለ ላይመለስ መሞት ይጀምራል።

ምልክቱ ምንድን ነው? ከጉዳቱ በላይ የሆነ፣ በማስታገሻ የማይበርድ ሕመም ነው። የእግር ጣቶችን ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ሲያንቀሳቅስ ታማሚው ይጮኻል። ቀጥሎ መደንዘዝ ይመጣል። የደም ትርታ መኖሩ ደግሞ ሊያታልል ይችላል፤ ትልቁ የደም ሥር እየመታ ጡንቻው ከውስጥ ሊሞት ይችላል። «ቻለው፣ ስብራት ያማል» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ነው እግር የሚያስቆርጠው። እስሩን ወዲያው መፍታት፣ እግሩን በልብ ከፍታ ማስቀመጥ፣ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። እዚያ ሽፋኑን ቀደው ግፊቱን ያስተነፍሱታል። ጀሶም ቢሆን በጊዜው ካልተከፈተ ያንኑ ጉዳት ያደርሳል፤ ቀርቀሃው በራሱ ኃጢአት የለበትም።

እንዲያውም የቀርቀሃው ሐሳብ ሞኝነት አይደለም። በ1967 እ.ኤ.አ. አውጉስቶ ሳርሚየንቶ የተባለ በአሜሪካ የሚሠራ የአጥንት ሐኪም፣ ቅልጥማቸው የተሰበረ ሰዎች ከጉልበት በታች ብቻ ታስረው ጉልበታቸውን እያጠፉ እንዲራመዱ የሚያስችል ጀሶ ይዞ መጣ። ያኔ የተለመደው እስከ ጭን ድረስ በጀሶ ቆልፎ ለወራት ማቆየት ነበር። እሱ ግን እግር በልኩ ዙሪያውን ሲያዝ ጡንቻው ራሱ አጥንቱን ደግፎ ይይዘዋል፣ መጠነኛ እንቅስቃሴም መግጠሙን ይረዳል አለ። ብዙዎች ቢጠራጠሩትም ነገሩ ተስፋፋ። አጭር ድጋፍ፣ የተፈታ መገጣጠሚያ፣ ቶሎ መራመድ፤ ይህ ለአንዳንድ የገጠር ወጌሾች አዲስ አይሆንባቸውም። ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። ሳርሚየንቶ እንዲህ የሚያስረው እብጠቱ ከወረደ በኋላ፣ በራጅ ለታየ ስብራት ነበር። ወጌሻው ግን የሚያስረው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ እብጠቱ ገና መንገድ ላይ እያለ።

ታዲያ ይህን ለወጌሻው የነገረው አለ? አለ። መኮንን እሸቴ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በ2005 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ያሳተሙት አጭር ጥናት በጣም ደስ ይለኛል። በገጠር ሆስፒታል አካባቢ ላሉ ወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ተሰጠ። ከዚያ በፊትና በኋላ በነበሩት ሁለት ሁለት ዓመታት በጋንግሪን ምክንያት የተቆረጡ እግሮችና እጆች ተነጻጸሩ። ቁጥሩ በግልጽ ቀነሰ። አንድ ሆስፒታል ብቻ ስለሆነ ሁሉን ነገር አይፈታም። ቢሆንም ሥራው እንደ ሻይ ቤቱ ክርክር «ማን ይሻላል?» አላለም፤ «ምን ቢቀየር ጉዳቱ ይቀንሳል?» ብሎ ጠየቀና ቆጠረ።

«ወጌሻ ጋ አትሂዱ» እያልን ብቻ ማስተማር የማይሠራውም ለዚህ ነው። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከገጠር ለሚመጣ ግን መጀመሪያ ኮምቦልቻ መድረሱ ራሱ ጉዞ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ የደሴ ሆስፒታል ራሱ ተዘርፏል። ወጌሻው ግን ሰፈር ውስጥ ነው፣ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ስምህን ያውቃል። ሐኪም ቤት ግን ታማሚው ስለ እግሩ ሲጠይቅ «ዝም ብለህ ተኛ» ከተባለ፣ ሌሊት ጠፍቶ ወጌሻ ዘንድ ቢሄድ አይገርምም።

ብረቱንም ማስረዳት ይገባ ነበር። ቅልጥም መካከሉ ክፍት ቱቦ ነው፤ በዚያ ውስጥ ዘንግ ገብቶ ከላይና ከታች በብሎን ይያዛል። አስቸጋሪው ነገር አጥንት ውስጥ የተደበቀውን የብሎን ቀዳዳ ከውጭ ሆኖ ማግኘት ነው፤ በሀብታም አገር በቀዶ ጥገናው መሀል ፎቶ በሚያነሳ ውድ ራጅ ያገኙታል። በ1999 እ.ኤ.አ. በሉዊስ ዘርክል የተመሠረተው ሳይን የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ግን ያለዚያ ማሽን ቀዳዳውን የሚያሳይ ከውጭ የሚገጠም መለኪያ ሠራ። ጥቁር አንበሳንና ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልን ጨምሮ በአገራችን ይሠራበታል። ብረት የገባለት ሰው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ በክራንች መነሳት ይጀምራል። «ብረት ከገባማ አበቃለት» የሚሉት ይህን አላዩም። ቆዳው ተቀዶ ለወጣ ስብራት ደግሞ ምርጫ የለም፦ ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ማሸት የሚባል ነገር ሳይነካው፣ ለአንቲባዮቲክና ለመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ በቶሎ ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ስለ ቅልጥም መረቅም አንድ ነገር ልበል፣ እናቶቻችን ይቅር ይበሉኝ። መቅኔ በአብዛኛው ስብ ነው፣ ከአጥንቱም ወደ መረቁ የሚወጣው ካልሲየም ጥቂት ነው። ይጣፍጣል፣ ጠጡት። አጥንቱ የሚፈልገው ግን ፕሮቲን፣ እንደ ወተትና ጤፍ ያለ ካልሲየም ያለው ምግብና ፀሐይ ነው። ሲጋራ መግጠሙን ያዘገያል።

ከጀሶው በኋላ ያለው ጉዳይ ግን ከሁለቱም ወገን ተከራካሪ የለውም። ለወራት የታሰረ ባት ይሟሽሻል፣ ቁርጭምጭሚት ይደርቃል። አጥንቱ በራጅ ገጥሞ ሳለ ሰውየው ዓመቱን ሙሉ የሚያነክሰው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ጣትን ማንቀሳቀስ የሚጀመረው ሐኪሙ እንደፈቀደ፣ ብዙውን ጊዜ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይና ወደ ታች ማጠፍ ጀሶው በወጣ ማግስት። ፎጣ በእግር መዳፍ አዙሮ ወደ ራስ መሳብ ምንም ወጪ የለውም፣ አልጋ ላይ ተቀምጦ ይሠራል።