«መልአካዊ እረኛ»

ኢጣሊያዊው ሮሞሎ ማርቼሊኒ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ያዘጋጀው «ፓስቶር አንጀሊኩስ»፥ ትርጓሜውም መልአካዊ እረኛ የሆነው ፊልም፥ የሮማውን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የፒዮስ 12ኛን ሕይወት ከፊሉን በእውነተኛ ሥዕል፥ ከፊሉን በተዋንያን ያሳያል።

የበዓሉ ሰልፍ ብዙ ነው። ከሁሉ የሚልቀው ግን የቫቲካን ጸሓፍት የጦር ምርኮኞችን ስም እየፈለጉ ለዘመዶቻቸው ወሬ ሲልኩ የሚታይበት ክፍል ነው፤ እረኝነቱ በዚያ ያለ ስብከት ይታያል።

ሆኖም፥ አንባቢ ሆይ፥ የሥዕል አንሺውን እጅ አስተውል። ይኸው ማርቼሊኒ በ1937፥ በእኛ በ1929 ዓ.ም.፥ የካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ ብዙ ሕዝብ በፋሽስቶች እጅ ማለቅ በጀመረበት ዓመት፥ «የነሐስ ዘበኞች» በተባለው ፊልሙ ለኢጣልያ የሚያገለግሉትን የሶማሌ ወታደሮች ሲያሞግስ ነበር። ጳጳሱ ነጭ ለብሰው በአትክልት ስፍራ ሲመላለሱ የሚታዩበት ውበትም ለኢትዮጵያዊ ዓይን ጥርጥር ያመጣል፤ የማግነን ልማዱ ከዚያ ፊልም ተከትሎት የመጣ ይመስላልና። የጸሓፍቱን ክፍል ግን ይህ አይነካውም።