የሲኒማ ጀግና ለብቻው መናፈሻ ሊያቆም ይችላልን?

ሰው ታሪኩን የሰማውን ስፍራ በዓይኑ ለማየት መመኘቱ ከጥንት የነበረ ጠባይ ነው። ስለ ላሊበላ የሰማ ላሊበላን፥ ስለ ግሸን የሰማ ግሸንን ሳያይ መሞትን አይወድም። በዘመናችን ደግሞ በአሜሪካ፥ በአውሮፓና በዐረብ አገር ይህንኑ ጠባይ መሠረት አድርገው፥ በሲኒማ ለሚታዩት ልዩ ኀይል ላላቸው ጀግኖች መናፈሻና የመጫወቻ ስፍራ የሚሠሩ ባለጠጎች ተነሥተዋል። የእነዚህም ጀግኖች ስም በጊኒር ከተማ እንኳ ሳይቀር የታወቀ ነው፤ የስፓይደርማንን ሥዕል ከልብሱ ላይ ያደረገ ሕፃን፥ የባትማንን ሥዕል ከደብተሩ ላይ የለጠፈ ተማሪ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የእነዚህ ጀግኖች ታሪክ ብቻውን አንድን ስፍራ ለዘመናት ሊያቆም ይችል እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

የዚህ ዓይነት መናፈሻ ስም በተነሣ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው ዋልት ዲስኒ ነው። እርሱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሐምሌ ወር 1955 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ዲስኒላንድን ሲከፍት፥ ስፍራውን በአንድ ተረት ላይ አላቆመውም። ከመግቢያው የቀድሞ ዘመን የከተማ ጎዳና፥ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የጀብዱ፥ የድንበር አገር፥ የተረትና የነገው ዓለም የሚባሉ ልዩ ልዩ ክፍሎች አደረገለት። ይህም አንዱ የሰለቸው ሰው ወደ ሌላው ይሻገር ዘንድ የታሰበ ብልኀት ነው። የእርሱ ኩባንያ በ2009 ዓ.ም. የእነ ስፓይደርማን መገኛ የሆነውን ማርቭልን 4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከፍሎ ከገዛ በኋላ፥ በ2021 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፥ በ2022 ዓ.ም. ደግሞ በፓሪስ አጠገብ የአቬንጀርስን ግቢ ከፈተ። ነገር ግን ሁለቱም ግቢዎች ከእነርሱ በሚሰፋ መናፈሻ ውስጥ የተከፈሉ ክፍሎች ናቸው። በኦርላንዶ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የማርቭል ጀግኖች ደሴትም ከብዙ ደሴቶች አንዱ ነው። በአቡ ዳቢ በ2018 ዓ.ም. በተከፈተው መናፈሻ ውስጥ የባትማንና የሱፐርማን ከተሞች ከአስቂኞቹ የካርቱን እንስሶች ጋራ ጐረቤት ሆነው ተቀምጠዋል። እንግዲህ በታወቁት በእነዚህ ስፍራዎች ሁሉ ጀግናው ጭሰኛ እንጂ ባለርስት ሆኖ አልተገኘም።

የሲኒማውን ገቢ የሚቈጥሩ ሰዎች ግን ይህን ፍርድ አይቀበሉትም። በ2019 ዓ.ም. የታየው የአቬንጀርስ የመደምደሚያ ፊልም በዓለም ሁሉ ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አግኝቷልና፥ ይህን ያህል ሕዝብ የሰበሰበ ታሪክ አንድ መናፈሻ ማቆም እንዴት ያቅተዋል ይላሉ። መልሱ ከዚያው ከመዝገባቸው ይገኛል። ከአራት ዓመት በኋላ በ2023 ዓ.ም. የወጣው ዘ ማርቭልስ የተባለው ፊልም 206 ሚሊዮን ዶላር ያህል ብቻ አገኘ፤ ይህም የፊተኛው ዐሥረኛ እጅ እንኳ አይሞላም። የፊልም ተመልካች እንደ ክረምት ጎርፍ ነው፤ በመጣ ጊዜ ድልድይ ይወስዳል፥ በበጋ ግን አሸዋውን ትቶ ይሄዳል። መናፈሻ ግን ዛፉን፥ መኪናውንና ሠራተኛውን ዘወትር የሚመግብ ስለ ሆነ የሚያስፈልገው ጎርፍ ሳይሆን ምንጭ ነው።

ምንጩስ ስለ ምን ይደርቃል? አንዳንዶች ምክንያቱን መደጋገም ያደርጉታል። በቅኔ ቤት የተባለውን ቅኔ መልሶ ማለት ነውር እንደ ሆነ፥ ቅኔም ለዕለቱ ተፈጥሮ ለዕለቱ የሚቀርብ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህን ፍርድ ቶሎ ይቀበለዋል። ነገር ግን ምክንያቱ ይህ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ያሬዳዊው ዜማ በየዓመቱ በየበዓሉ ይደገማል፥ ሕዝቡ ግን አይሰለችም። ስለዚህ ጕድለቱ ከመደገሙ ሳይሆን ከሚደገመው ነገር ይፈለጋል። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ጀግናው ይሞታል፥ ገበያው በፈለገው ጊዜ ደግሞ ይነሣል። አንዱ ፊልም ሳያልቅ የሚቀጥለው ከመጨረሻው ላይ ይታወጃል። ሞቱ ሞት ካልሆነ መሥዋዕትነቱ መሥዋዕትነት አይሆንም፤ ፍጻሜ የሌለው ታሪክም ሰው የሚያስበውን ነገር ሳይሆን ሰው የሚጠብቀውን ነገር ብቻ ይሰጣል። የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ሌላ የሚጠብቀው ነገር ሲያገኝ የፊተኛውን ይተወዋል።

ይህ ሲባል በሥራዎቹ ሁሉ ውስጥ ወርቅ የለም ማለት አይደለም። ራያን ኩግለር ያዘጋጀውና በ2018 ዓ.ም. የታየው ብላክ ፓንተር ከሰሙ ሥር ወርቅ ያለው ነው። ዋካንዳ የተባለችው አገር ቅኝ ገዢ ያልረገጣት ሆና ተሥላለች፤ የኢትዮጵያ ተመልካችም ይህን ሳይነግሩት ይረዳዋል። ነገር ግን የሥራው ጥልቀት ከአገሪቱ ብልጽግና ይልቅ ጠላት ተብሎ በቀረበው ሰው ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም የዳናችሁ እናንተ ለተበተኑት ወንድሞቻችሁ ምን አደረጋችሁላቸው የሚል ነው። ንጉሡ ይህን ጥያቄ በጦር ቢያሸንፈውም በኅሊናው አላሸነፈውም፤ በመጨረሻም የአገሩን በር ለመክፈት ተገደደ። እንደዚህ ያለ ጥያቄ ከአዳራሹ ከወጡ በኋላም ከሰው ጋራ ወደ ቤት ይገባል።

ሆኖም መልካም ታሪክ እንኳ ሳይቀር ያለ ሥር ሲተከል እንደማይጸድቅ ሴኔጋል ምስክር ናት። ኤኮን የተባለው ዘፋኝ በወላጆቹ አገር ዋካንዳን የመሰለ የ6 ቢሊዮን ዶላር ከተማ ለመሥራት በ2018 ዓ.ም. ተናግሮ፥ በ2020 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋይ አኖረ። ክፍያው ስለ ጐደለና ሥራው ስለ ዘገየ በ2025 ዓ.ም. አሳቡ መተዉ በይፋ ተነገረ። መውደቁ በገንዘብ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡ ባይጐድል ኖሮ እንኳ ምድሩ ከታሪኩ ጋራ ምን ዝምድና ነበረው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በኢትዮጵያም የራስን ጀግና የመፍጠር ጥረት ተጀምሯል። በስራት ደበበ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. ጀምበር የተባለውን የሥዕል ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ጀግናው ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ይህ አጀማመር ምስጋና ይገባዋል፤ ምክንያቱም ልዩ ኀይሉ ከሌላ ዓለም ቢመጣለትም ችግሩ ከሰፈሩ የተወሰደ ነው፥ በሮቤም በጎባም ያለ ወጣት ችግሩን ችግሬ ሊለው ይችላል። እንደዚህ ያለ ሥራ የሚያስፈልገው መናፈሻ አይደለም፤ አንባቢና ጊዜ ነው። ሰው ያላነበበውን ታሪክ ሐውልት ቢያቆሙለት መንገድ ጠያቂ እንጂ ተሳላሚ አይመጣለትም።

እንግዲህ ስፍራን ለዘመናት የሚያቆመው ነገር ምንድን ነው? የቍልቢ ገብርኤል ነገር ይህን ያስረዳል። ራስ መኰንን ከዐድዋ ድል በኋላ ስለ ስእለታቸው ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩት ይተረካል። እውነተኛው ጀግና ከድሉ በኋላ ያቆመው ስፍራ ለራሱ ስም ሳይሆን ከእርሱ ለሚበልጠው ነው። ታኅሣሥ 19 ቀንና ሐምሌ 19 ቀን ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣው ሕዝብም ለመዝናናት አይመጣም፤ ዕዳ አለበትና ይመጣል። ባለፈው ዓመት የተሳለውን ዘንድሮ ይከፍላል፥ ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ይሳላል። የመናፈሻው ጎብኚ ግን በደጅ ከፍሎ ይገባል፥ ተደስቶ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ እርሱም ለስፍራው፥ ስፍራውም ለእርሱ ዕዳ የለባቸውም። ስለዚህ መናፈሻው እርሱን መልሶ ለማምጣት በየጊዜው አዲስ መኪና መትከል ግድ ይሆንበታል። የሁለቱ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. በየካቲት ወር በአዲስ አበባ የተከፈተው የዐድዋ መታሰቢያም የሚመዘነው በዚሁ ሚዛን ነው፤ የሚገባው ሰው የሞቱለት ሰዎች ዕዳ እንዳለበት ዐውቆ ቢወጣ ስፍራው ይኖራል፥ ፎቶግራፍ ብቻ ተነሥቶ ቢወጣ ግን መናፈሻ ብቻ ይሆናል።

ለዚህ ነገር የባሌ ምድር ራሱ መምህር ነው። ከጊኒር ብዙ ሳይርቅ የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ቦርቡሮ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ አበጅቷል፤ ዋሻውም በተጠለሉበት በሼህ ሶፍ ዑመር ስም ይጠራል። ወደ ድሬ ሼህ ሑሴንም ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይዘው፥ እየዘመሩ በእግራቸው የሚጓዙ ብዙ እስላሞች አሉ። ሃይማኖቱ ቢለይም የነገሩ ሥርዓት አንድ ነው፤ እነርሱም የሚመጡት ዕዳ ይዘው ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ2023 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፥ የሰነቴን አምባና የቀይ ቀበሮውን መኖሪያ ማንም አልፈጠረውም። እንግዲህ በዚህ አገር ጎብኚ ለመሳብ ሲባል በሶፍ ዑመር ደጅ የሚሽከረከር መኪና ይተከል የሚል ሰው ቢነሣ፥ ምንጭ ባለበት ቤት ጎርፍ ለመጥራት እንደሚደክም ሊነገረው ይገባል። የሚበጀው መንገዱን ማቅናት፥ የአባቶችን ትረካ ሽማግሎቹ ሳያልፉ መጻፍ፥ ለእንግዳውም የሚያስረዳ ሰው ማሰልጠን ነው።

ስለዚህ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ፥ የሲኒማ ጀግና ከሌሎች ጋራ ተዳብሎ ለጥቂት ዘመን ይኖራል፥ ለብቻው ግን ስፍራ አያቆምም የሚል ነው። ይሁን እንጂ ይህን ፍርድ የሰጠ ካህን ደስ ብሎት ሊቀመጥ አይገባውም። የጊኒር ሕፃን የስፓይደርማንን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይተርካል፤ የአጥቢያውን ታቦት ገድል ቢጠይቁት ግን ዝም ይላል። ይህ የስፓይደርማን ጥፋት አይደለም፤ እርሱ ተራኪ አግኝቷል። ገድሉ ግን በብራና ተጽፎ በዕቃ ቤት ተቀምጧል፥ በግእዝ ይነበባል፥ ሕፃኑም አይሰማውም። ሕፃኑ በሚሰማው ቋንቋ ያልተነገረው ጀግና ደብሩ በተራራ ላይ ቢሠራም በልቡ ስፍራ አያገኝም። መናፈሻ ለመሥራት ቢሊዮን ዶላር ይጠይቃል፤ ከቅዳሴ በኋላ ሕፃናቱን በዛፍ ጥላ ሥር ሰብስቦ መተረክ ግን ከመምህሩ ጥቂት ሰዓት በቀር የሚጠይቀው ነገር የለም።