ዝነኛው ፒያኖ ዝም ሲል

ስለ ኤልተን ጆን ሲጻፍ መነጽሩና የመድረክ ልብሱ ይቀድማሉ፤ ከዚያ ሬዲዮ የማይጠግባቸው ጥቂት ዘፈኖች ይከተላሉ። ሰውየውን ጆሮ የሚይዝ አዝማች አምራች ብቻ ያደረገው ፍርድ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። እኔ ግን የዜማ ደራሲነቱ ልክ የሚታወቀው በአልበሞቹ ውስጥ ተሸሽገው በቀሩት ሥራዎች ነው ባይ ነኝ።

በኤልተንና በግጥም ደራሲው በበርኒ ቶፒን ቤት ግጥም ይቀድማል። ቶፒን ለብቻው ጽፎ ይሰጣል፤ ኤልተን ወረቀቱን ፒያኖው ላይ ዘርግቶ ዜማ ያወጣለታል። ስንኙ ረዝሞ ወይም አጥሮ ከመጣ መታጠፍ ያለበት ዜማው ነው። በታወቁት ዘፈኖች አዝማቹ ገዝፎ ይህን ጥበብ ይሸፍነዋል።

እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣው «ተምብልዊድ ኮኔክሽን» አልበም ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል። «ቶኪንግ ኦልድ ሶልጀርስ»ን እንውሰድ። መጠጥ ቤት የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ የሞቱበትን ባልንጀሮች እያነሳ ለወጣት ያወጋል። ከበሮ የለም፣ ቤዝ የለም፣ ተቀባይ የለም፤ ድምፅና ፒያኖ ብቻ። ሽማግሌው ወጉን ሲያስረዝም ፒያኖው ይጠብቀዋል። ስንኙ ሲያልቅ ኮርዱ ትንፋሽ እስኪወሰድ ያህል ተይዞ ይቆያል። ምሬቱ ሲገነፍል እጆቹ ይከብዳሉ፣ ወዲያው ደግሞ ይለዝባሉ። ፒያኖው ጠረጴዛው ማዶ ሆኖ የሚያዳምጠውን የወጣቱን ቦታ ይዟል። ኤልተን ያኔ 23 ዓመቱ ነበር፣ ቶፒን 20። ድምፁን የሽማግሌ ለማስመሰል አይንቀጠቀጥም፤ ሐዘኑን ለስንኙ ርዝመት ትቶታል። ከዘፈኖቹ ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ።

በዚያው አልበም «ከም ዳውን ኢን ታይም» ላይ ደግሞ ፒያኖውን ጨርሶ ትቶታል። ፖል ባክማስተር ባቀናበረው በዚህ ዘፈን የስካይላ ካንጋ ሃርፕና የካርል ጄንኪንስ ኦቦ ከድምፁ ጋር ይመላለሳሉ። በጣቱ ስም ያተረፈ ሰው እንዲህ ሲቆጠብ ማየት ብርቅ ነው።

በ1971ዱ «ኢንዲያን ሰንሴት» ግን ቶፒንን ይቅር ማለት ይከብደኛል። የአፓቼውን መሪ ጀሮኒሞን ትጥቁን ሊፈታ ሲል በጥይት የወደቀ ያደርገዋል። ሰውየው የሞተው በ1909፣ በእስር እንዳለ፣ በሳንባ ምች ነው። የአንድን ሕዝብ ኀዘን በሕዝቡ አንደበት ለመናገር የተነሳ ገጣሚ ይህን ማጣራት ነበረበት። ዜማው ከግጥሙ ይበልጣል፤ ኤልተን ያለ አንዳች መሣሪያ፣ በባዶ ድምፅ ይጀምረውና ቅንብሩ ቀስ በቀስ ይደርስበታል። ራፐሩ ቱፓክ ሻኩር ከሞተ ከዓመታት በኋላ፣ ከዚህ ዘፈን ተቆርጦ የገባበት የእሱ «ጌቶ ጎስፕል» በ2005 በእንግሊዝ አንደኛ ወጣ። ለሚሊዮኖች ጆሮ የደረሰው ግን በቅንብር የታጀበው ክፍል ነው፤ መግቢያው ላይ ያለው ባዶ ድምፅ እዚያው አልበሙ ውስጥ ቀርቷል።