ካያያዝ ይቀደዳል፦ ስለ ብስክሌት የፊት ማርሽ መቀየሪያ አተካከል የቀረበ ሒስ

«ካነጋገር ይፈረዳል፤ ካያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ተረት ለመሣሪያም ይሠራል። አንድ ዕቃ የቱንም ያህል በብልኀት ቢሠራ፣ አያያዙ ከተበላሸ ሥራው አብሮ ይበላሻል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ የብስክሌት የፊት ማርሽ መቀየሪያ ሠራተኞች ቴላዮ ከሚሉት የብስክሌቱ አጽም ጋራ በምን ዐይነት ዘዴ ቢያያዝ ይሻላል የሚለውን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ጥቃቅን መስሎ ይታይ ይሆናል። ዳሩ ግን ባለቤቱ ዳገት የሚያወጣውን ማርሽ ማግኘቱ ወይም ማጣቱ በዚህች ትንሽ ማያያዣ ሊወሰን ስለሚችል ችላ ሊባል አይገባውም።

ከሁሉ አስቀድሞ የመቀየሪያውን ተግባር እንመልከት። መቀየሪያው በሁለት ዝርግ ብረቶች መካከል ሰንሰለቱን ይዞ፣ ከትልቁ ጥርሳም ክብ ወደ ትንሹ፣ ከትንሹም ወደ ትልቁ ገፍቶ ያሻግራል። ይህን በትክክል እንዲፈጽም ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛ፣ የውጭው ብረት ከትልቁ ክብ ጥርሶች ጫፍ በላይ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ማለፍ አለበት። ሁለተኛ፣ ከክቡ ጋራ ትይዩ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ሰንሰለቱን በሚገፋበት ጊዜ መነቃነቅ የለበትም። እኛ ግን አራተኛ መመዘኛ እንጨምራለን፤ ይኸውም ባለቤቱ ነገ ክቦቹን ለመለወጥ ቢያስብ አያያዙ ይፈቅድለታል ወይስ ይከለክለዋል የሚለው ነው።

የታወቁት አያያዞች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የኮርቻውን ቱቦ ዙሪያውን የሚያቅፍ ቀለበት ነው። ሁለተኛው በቱቦው ላይ የተበየደ ወይም በሪቬት የተመታ ጆሮ ሲሆን መቀየሪያው በአንድ ብሎን ይታሰርበታል። ሦስተኛው ፔዳሎቹ የሚዞሩበትን ቤት ተደግፎ የሚቆም ዝርግ ብረት ነው። ይህ ሦስተኛው የኮርቻው ቱቦ በተቋረጠባቸው አንዳንድ የተራራ ብስክሌቶች ዘንድ ይጠቅማል። ነገር ግን እርሱን ለመንቀል የፔዳሉን ቤት መፍታት ግድ ስለሚሆን፣ ሌላ መንገድ ላለው ሰው የሚመከር አይደለም። እንግዲህ እውነተኛው ክርክር በቀለበቱና በጆሮው መካከል ነው።

ጆሮውን የሚያመሰግኑ ሰዎች ሥራው ንጹሕ ነው፤ ክብደቱ ቀላል ነው፤ ቱቦውንም አይጨቁንም ይላሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን ጆሮው የሚቀመጥበትን ከፍታ የወሰነው ቴላዮውን የሠራው ፋብሪካ ነው። ባለቤቱ መቀየሪያውን ከፍና ዝቅ ሊያደርግ የሚችለው በጆሮው ቀዳዳ ርዝመት ልክ ብቻ ነው። ነገሩን በቍጥር እናስረዳ። በሰንሰለት ላይ ከአንዱ ፒን እስከ ሚቀጥለው ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ክቡ አንድ ጥርስ በቀነሰ ቍጥር ከመካከሉ እስከ ዙሪያው ያለው ርቀት በ2 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። ባለ 53 እና ባለ 39 ጥርስ ክቦችን የሚነዳ ሰው ወደ 46 እና 30 ቢለውጥ፣ መቀየሪያው 14 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ለትልቅ ክብ ታስቦ የተበየደ ጆሮ ብዙ ጊዜ ይህን ያህል አያወርድም።

ትርፉ ግን ቀላል አይደለም። ከኋላ ባለ 28 ጥርስ ማርሽ ቢኖር፣ በ39ኙ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው 1.39 ጊዜ ይዞራል፤ በ30ው ግን 1.07 ጊዜ ብቻ ነው። በዳገት ላይ ይህ ልዩነት ወርዶ በመግፋትና ተቀምጦ በመውጣት መካከል ያለ ልዩነት ነው። በቀለበት የታሰረ መቀየሪያ ብሎኑ ላላ ተደርጎ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ የውሃ ዕቃ መያዣው ብሎን ወይም ሌላ ነገር ካልከለከለው በቀር ጉዳዩ በዚያው ያልቃል።

ቀለበቱም ቢሆን ነቀፋ አያጣውም። ልኩ ከቱቦው ጋራ መስማማት አለበት፤ የተለመዱትም ልኮች 28.6፣ 31.8 እና 34.9 ሚሊ ሜትር ናቸው። ሰፊውን ቀለበት በመሙያ ማጥበብ ይቻላል፤ ጠባቡን ማስፋት ግን አይቻልም። ከሥሩ ውሃና አቧራ ይቋጥራል። ቱቦው ካርቦን ከሆነ ደግሞ ያለ ልክ ማጥበቅ ሊሰብረው ይችላል። ሺማኖ ለመንገድ ብስክሌት መቀየሪያዎቹ የሚያዘው ከ5 እስከ 7 ኒውተን ሜትር ነው፤ የቴላዮው ሠሪ ከዚህ ያነሰ ካዘዘ የእርሱ ትእዛዝ ይከበራል። ነፋስ እንዲከፍል ተብሎ ጠፍጣፋ በተደረገ ቱቦ ላይም ቀለበት ፈጽሞ አይገባም፤ በዚያ ቦታ ጆሮው ያለ ተወዳዳሪ ይነግሣል።

እንዲህ ከሆነ ክብ ቱቦ ያለው ሰው ምን ይምረጥ? በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው ሁለቱን የሚያስታርቀው መንገድ ነው፤ ይኸውም ለጆሮ የተሠራ መቀየሪያ ገዝቶ፣ ራሱ ጆሮ ባለው ቀለበት ቱቦው ላይ ማሰር ነው። ከፍታው እንደ ቀለበቱ ነጻ ነው። ቴላዮው ቢለወጥ የሚለወጠው ርካሹ ቀለበት እንጂ ውዱ መቀየሪያ አይደለም። የመለዋወጫ ዕቃ እንደ ልብ በማይገኝበት እንደ እኛ ባለ አገር፣ በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ ብስክሌት ለሚነዳ ሰው ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

የፋሽን ነገርም መታሰብ አለበት። ስራም የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. ከፊት አንድ ክብ ብቻ ያለውን የተራራ ብስክሌት ማርሽ ካወጣ ወዲህ፣ ብዙ ቴላዮዎች ለፊት መቀየሪያ አንዳች ስፍራ ሳይተዉ ተሠርተዋል። ክብ ቱቦ በዚህ አይጎዳም፤ ቀለበቱ ሲነሣ ባዶ፣ ሲመለስ ሙሉ ይሆናል። የተበየደው ጆሮ ግን ሥራ ቢፈታም እዚያው ተሰክቶ ይቀራል።

በጠቅላላው ሐሳባችን ይህ ነው፤ ፋብሪካው ስለ ጥንካሬና ስለ ቅርጽ ይወስን፤ ስለ ማርሹ ልክ ግን ዳገቱን የሚወጣው ሰው ይወስን። ለዚህ የሚመቸው አያያዝ በመፍቻ የሚፈታው ነው።