በኳስ የሚገኝ ወንበር

የአሜሪካ ኮሌጅና ስፖርት ሲነሳ ትዝ የሚለን ስታዲየም የሚሞላው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጄምስ ሹልማንና ዊሊያም ቦወን እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት «የሕይወት ጨዋታ» የተሰኘው መጽሐፍ ግን ጣቱን ወደ ትንንሾቹ፣ በትምህርት ወደሚመርጡት ኮሌጆች ይቀስራል።

ነገሩ ተራ ሒሳብ ነው። በአስር ሺዎች በሚማሩበት ሚቺጋን የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ከባሕር እንደ ጠብታ ነው። ስዋርትሞር ግን ያኔ ተማሪው 1,400 ገደማ ነበር። የውሃ ዋናው፣ ቴኒሱ ሁሉ የየድርሻውን ሲወስድ ምን ይተርፋል? እነዚህ ኮሌጆች ለስፖርተኛ ነጻ የትምህርት ዕድል አይሰጡም፤ የሚሰጡት ከዚያ የሚበልጠውን፣ ወንበሩን ነው። ስዋርትሞር እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ የእግር ኳስ ቡድኑን ቢዘጋ የቀድሞ ተማሪዎቹ ቁጣ ነደደ።

«ለድሃ ልጅ መሰላል ነው» ትሉኝ ይሆናል። እኛ ስፖርት ሲባል በባዶ እግሩ የሮጠው አበበ ቢቂላ ነዋ የሚታየን! ስኳሽና ላክሮስ ግን ለሜዳና ለአሰልጣኝ የሚከፍል ወላጅ ይሻሉ።

መጽሐፉን የማማው በአንድ ነገር ነው። ሰንጠረዡ በአመዛኙ ስለገቡት ያወራል፤ ደጅ የቀረችው ልጅ ድምፅ የለም። እሷ ደግሞ ማን እንደቀደማት እንኳ አታውቅም።

አምኸርስት እ.ኤ.አ. በ2021 ለምሩቃን ልጆች ይሰጥ የነበረውን ቅድሚያ አነሳ። የአሰልጣኙን ዝርዝር ግን አልነካም። ስፖርተኛውን አልወቅስም፤ በተከፈተለት በር ነው የገባው። የእኔ ጥያቄ ቁልፉን ለአሰልጣኝ ላስረከበው ነው።