የዕረፍት ጊዜ ፕሮጀክት ለማን ነው? በነሐሴ ስለሚታደለው ወረቀት

እንደሚታወቀው ካኩማ ያሉ ትምህርት ቤቶች በነሐሴ ሲዘጉ ልጆች ባዶ እጃቸውን ወደ ቤት አይመጡም። ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ላሉት «በራስህ የምትሠራው ፕሮጀክት» የሚል ወረቀት ይሰጣቸዋል። ዘንድሮ እጃችን የገባው ወረቀት ሃያ ሐሳቦች አሉት። ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አነበብነው። ያዘጋጁት ሰዎች በጎ አስበው እንደሆነ አንጠራጠርም። ሆኖም በጎ ማሰብ ብቻውን ልጅ አያስተምርምና የታየንን እንናገር።

ከአርእስቱ እንጀምር። «የበጋ ዕረፍት ፕሮጀክቶች» ይላል። አገር ቤት እኮ በጋ ትምህርት የሚጧጧፍበት ወቅት ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ፈረንጅ አገር ግን ሙቀቱ ሲመጣ ይዘጋል፤ ተርጓሚው ያንን ሙቀት «በጋ» ብሎ አመጣው። እዚህ ካኩማ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ነሐሴም ሆነ ጥር ፀሐዩ ያው ፀሐይ ነው። የቃል ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብለን ባለፍነው ነበር። ችግሩ ከሃያዎቹ ሐሳቦች ብዙዎቹ እንደ አርእስቱ የሌላ ሰፈር መሆናቸው ነው።

«በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ እሳተ ገሞራ ሥራ» ይላል ሦስተኛው። ኮምጣጤው በማን ገንዘብ ይገዛል? ደግሞስ የቱርካና ሐይቅ ደሴቶች ራሳቸው ከእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ መሆናቸውን ወረቀቱ አንድም ቦታ አያነሳም። «ወንዝ ለወንዝ እየሄድክ አሥር ዓይነት ድንጋይ ሰብስብ» ይላል ሰባተኛው። የታራች ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ላይኛው አገር ሲዘንብ ግን እዚህ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ጎርፍ ድንገት ይደርሳል። ልጅን ብቻውን ወደዚያ መላክ አይገባም።

ከሁሉ የከበደን አሥራ አንደኛው ነው፦ «የቤተሰብህን የዘር ሐረግ ሣል፤ አያቶችህን ጠይቀህ ሳጥኖቹን ሙላ።» አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ይህን ወረቀት ይዛ ከመካከላችን አንዱ ዘንድ መጣች። የምትኖረው ከጎረቤት ሴትዮ ጋር ነው። ከሳጥኖቹ የተሞላው አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱም የራሷ ስም። «ጋሼ፣ የት እንዳሉ የማይታወቁትን ልጻፋቸው ወይስ ልተዋቸው?» አለችው። ምን ይበላት? ሰፈራችን ውስጥ እንደሷ ያሉ ልጆች ጥቂት አይደሉም። የቤት ሥራ ሰጥተን ቁስል ነካን ማለት ነው፤ ያውም ለዕረፍት ብለን።

ፕሮጀክት መስጠቱን ግን አንቃወምም። ዊሊያም ኪልፓትሪክ የተባለው አሜሪካዊ የትምህርት ሊቅ በ1918 እ.ኤ.አ. ስለ ፕሮጀክት ዘዴ በጻፈው ጽሑፍ ዋናው ነገር ዓላማው ከልጁ ልብ መምጣቱ እንደሆነ አስረድቷል። የኬንያ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም ልጁ በእጁ ሠርቶ እንዲያሳይ ይፈልጋል። ይሁንና ብዙ ወላጅ ፕሮጀክቱን ማታ ማታ ራሱ እንደሚሠራው ሲያማርር እንሰማለን። ወላጅ ከሠራውማ የልጁ ፕሮጀክት መሆኑ ቀረ። የኬንያ የመሠረታዊ ትምህርት ሕግ (2013 እ.ኤ.አ.) በዕረፍት ጊዜ ልጆችን ማስጠናት የከለከለውም ዕረፍት ዕረፍት እንዲሆን ነው። ስለዚህ ፕሮጀክቱ በፈቃድ እንጂ በግዳጅ መሆን የለበትም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ትችት ብቻ ሰጥቶ መሄድ ደግ አይደለምና ገንዘብ የማይጠይቁ አራት ሐሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ጥላ መለካት። አንድ ሜትር እንጨት ቀጥ አድርጎ መትከልና የቀትር ጥላውን በየቀኑ መለካት። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በትንሹ ወደ ሰሜን ስለሆነ በነሐሴ ቀትር ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። በፈረንጆቹ ኦገስት መጀመሪያ 25 ሳንቲሜትር ገደማ የነበረው ጥላ ወሩ ሲያልቅ ከ10 በታች ይወርዳል። አጭሩ ጥላ የሚታየውም ልክ በስድስት ሰዓት ሳይሆን 6፡45 አካባቢ ነው፤ ሰዓታችን የተቀመረው ከእኛ በስተምሥራቅ ላለ መስመር ነውና። ልጁ ይህን ራሱ ሲደርስበት «ለምን?» ማለቱ አይቀርም። ያቺ «ለምን» ከሃያ ገጽ ሪፖርት ትበልጣለች።

ሁለተኛ፣ ውሃ መቁጠር። ከቦኖ የሚመጣውን ጀሪካን ለአንድ ሳምንት መመዝገብ፣ በሊትር መለወጥ፣ ለቤተሰቡ ቁጥርና ለሰባት ቀን ማካፈል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ነው፤ አንድ ትልቅ ጀሪካን መሆኑ ነው። ልጁ የቤቱን ቁጥር ከዚህ ጋር ያስተያያል። ውጤቱን ክፍል ፊት እንዲያነብ ግን አይገደድ፤ የቤት ገበና ነው።

ሦስተኛ፣ ቃል መልቀም። ሰፈራችን ውስጥ ስንት ቋንቋ ይነገራል! አማርኛው «ሰዓት»፣ ስዋሂሊው «ሳአ»፣ ኦሮምኛው «ሰአቲ» ዘመዳሞች ናቸው። ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደኛው ቀትርን «ስድስት ሰዓት» ነው የሚለው። ልጁ ከጎረቤቶቹ 30 ቃላት ቢሰበስብ መዝገበ ቃላት ጀመረ ማለት ነው። ጎረቤትም ያፈራል።

አራተኛ፣ በዘር ሐረጉ ፋንታ ልጁ ራሱ የሚመርጠውን አንድ ባለሙያ መጠየቅ፦ እንጀራ ጋጋሪዋን፣ ጸጉር አስተካካዩን፣ ሞተር ጠጋኙን። ሙያውን ከማን ተማሩት? በጣም የሚያስቸግረው የቱ ነው? ይህን መጠየቅ ማንንም አያስለቅስም።

ሁለት ነገር እንጨምርና እናብቃ። አንደኛው ማርክ ነው። ባለፉት ዓመታት እንዳየነው ብዙ ነጥብ የሚያገኘው ባለቀለም ሽፋን ያለው ሥራ ነው፤ እስክሪብቶ ብቻ ያለው ልጅ ምንም ቢያስብ ከኋላ ይቀራል። መምህራኖቻችን ልጁ ያገኘውን እንጂ ያስዋበውን አይመዝኑ። ሁለተኛው የሴት ልጆች ጊዜ ነው። ዕረፍት ሲመጣ ወንዱ ኳስ ሜዳ ይውላል፤ እሷ ግን ውሃ ትቀዳለች፣ ሕፃን ታዝላለች፣ ምድጃ ታነዳለች። ወላጆች ሆይ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ለሷ ልቀቁላት። አለበለዚያ የትኛውም ሐሳብ ቢያምር ለወንዱ ብቻ ይሆናል።

ያቺ ልጅስ? ወረቀቱን ተቀብለናት እንጨት ሰጠናት። አሁን ጥላ ትለካለች፤ ትናንት መጥታ «ጋሼ፣ ዛሬም አጠረ!» አለችን።

ቸር ይግጠመን።